ቻይና ቤተሰብ ቤት በእንግድነት ስትከርሙ፦ ከግብዣው እስከ ሽኝቱ

ቻይና ለትምህርት የሄደ ሐበሻ ይዋል ይደር እንጂ ይህ ግብዣ ይደርሰዋል። የክፍል ጓደኛው ይመጣና "ለበዓሉ እኛ ቤት እንሂድ፤ እናቴ ይዘኸው ና ብላለች" ይለዋል። እኔም እንዲሁ ተጋበዝኩ። የጓደኛዬ ቤተሰቦች የሚኖሩት ሁናን በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከቻንግሻ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የጨረቃ አዲስ ዓመትን ሳምንት ሙሉ እነሱ ጋር አሳለፍኩ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ቤቶች ከርሜያለሁ። ያኔ የሚመክረኝ አላገኘሁም ነበር። ለእናንተ ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ ለእንግድነት ወግ እንግዳ አይደለንም። "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ" እየተባልን ነው ያደግነው። ሲሰጡን ቶሎ እጅ መዘርጋት እንደሚያሳፍር እናውቃለን። ይሉኝታ የምንለው ነገር ቻይኖችም ዘንድ አለ። እነሱ "ምየንዝ" ይሉታል፤ ቃሉ ፊት ማለት ነው። ሰውን በሰው መሀል አለማሳፈር፣ ፊት አለመንሳት ነው ነገሩ። ስለዚህ ግማሹን መንገድ ከቤታችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የሚያደናቅፈው የእኛን መስሎ የእኛ ያልሆነው ግማሽ ነው።

1. የማትበሉትን ገና ስትጋበዙ ተናገሩ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህን ያዙ እላለሁ። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም እንዳትሉ።

በቻይንኛ "ሮው" ሥጋ ማለት ነው። ግን በደፈናው "ሮው" ከተባለ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። የበሬው "ኒዩሮው"፣ የበጉ "ያንግሮው" እየተባለ ተለይቶ ይጠራል። ጂያውዝ የሚባለው የተጠቀለለ ሊጥ ውስጡ በአብዛኛው አሳማ ነው። ጎመኑ ራሱ በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል።

እኔ ዝም ብዬ ሄድኩ። የጓደኛዬ እናት "ላሮው" የሚሉትን፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ለበዓሉ ብለው ቀደም አድርገው አዘጋጅተዋል። የሁናን ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው። ማዕድ ላይ አልበላም ስል ክፍሉ ፀጥ አለ። ከእኔ ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። እንግዳቸውን ያስቀየሙ መሰላቸው። ከሳምንት በፊት በአንድ መልእክት ልከላከለው የምችለው ሐዘን ነበር።

ስለዚህ በዊቻት፣ ቻይኖች በሚጠቀሙበት የስልክ መልእክት መተግበሪያ፣ ለጓደኛችሁ ጻፉ፤ ለእናቱ እንዲነግርም አደራ በሉት። "ዎ ቡ ቺ ጁሮው" ማለት አሳማ አልበላም ማለት ነው። ምክንያቱን "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" ብላችሁ በአጭሩ ተናገሩ። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሰዉ ያከብራል። ሙስሊም ከሆናችሁ "ቺንግጀን" የሚለውን ቃል ያዙ። ሐላል ማለት ነው። ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ምግብ ቤት በየከተማው ስላለ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል።

የጾም ነገር ደግሞ ለብቻው መታሰብ አለበት። በ2018 ዓ.ም. የቻይና አዲስ ዓመት ዋዜማ የዋለው የካቲት 9 ነበር። ያ ሰኞ ለእኛ የሁዳዴ የመጀመሪያ ቀን ነው። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። ዓመቱ ሁሉ እንዲህ አይገጥምም፤ ግን ቀኑን ቀድሞ ማየት ይጠቅማል። "ዎ ቺ ሱ" ብትሉ ይገባቸዋል። "ሱ" ከቡድሃ እምነት የመጣ፣ ሥጋ የሌለበት ምግብ ማለት ነው። ችግሩ "ሱ" ሲባል እንቁላል የማይከለክለው ብዙ ሰው መሆኑ ነው። የዶሮ መረቅም ሳይታሰብ ሊገባ ይችላል። እንቁላል፣ ወተት፣ መረቅና የአሳማ ስብ እያላችሁ አንድ በአንድ ጥሩ። የምትበሉትንም አብራችሁ ተናገሩ። ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ ባዶንጃን፣ በቃሪያ የተጠበሰ ድንች፣ ጎመን፣ ሩዝ ማለት ትችላላችሁ። "ይህን አልበላም" ብቻ ከሆነ እናት ይጨነቃሉ። "ይህን እወዳለሁ" ካላችሁ ግን ወደ ገበያ ይሮጣሉ።

2. ምዝገባውን አትርሱ

ይህ ሕግ ነው፤ ግን ጨዋነትም አለበት። ቻይና ውስጥ ሆቴል ስታርፉ ሆቴሉ ይመዘግባችኋል። ሰው ቤት ስታርፉ ግን በደረሳችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ እናንተ ወይም ቤተሰቡ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ማስመዝገብ አለባችሁ። ጣቢያውን "ፓይቹሱዎ" ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው የመግቢያና መውጫ ሕግ ነው እንዲህ የሚያዘው። ሳይመዘገብ የቀረ ማስጠንቀቂያና እስከ 2000 ዩዋን ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪም ቢሆን ሌላ ከተማ ሰው ቤት ካደረ ከዚህ አያመልጥም።

ቤተሰቡ ራሱ ላያውቀው ይችላል፤ የውጭ ሰው አስተናግዶ የማያውቅ ብዙ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጓደኛችሁን አስታውሱት። ፓስፖርታችሁን፣ የአስተናጋጁን መታወቂያና የቤቱን ማስረጃ ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። በአንዳንድ ከተሞች በኢንተርኔትም ይሠራል። ጎረቤት እያየ ፖሊስ በራቸውን ቢያንኳኳ ለቤተሰቡ ኀፍረት ነው። ያን ኀፍረት አታምጡባቸው።

3. ስጦታ፦ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ባዶ እጅ አይገባም። ይህ የእኛም ወግ ነው። የቻይና ሰው ዘመድ ሲጠይቅ ፍራፍሬ በካርቶን፣ ወተት በካርቶን፣ ሻይ ይይዛል። እናንተም ከጎረቤት ሱቅ ይህን መያዝ ትችላላችሁ። ፖም ጥሩ ነው፤ ስሙ ሰላም ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። ቁጥሩ ጥንድ ይሁን፤ አራት ግን አይሁን። "ስ" የሚለው አራት፣ ድምፁ ሞት ከሚለው ቃል ጋር ይቀራረባልና።

ከአገር የመጣ ነገር ካላችሁ ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። የይርጋጨፌ ቡና ቻይና ውስጥ ስም አለው። የከተማ ቡና ቤቶች ዝርዝር ላይ "ዬጂያሽዌፌይ" ተብሎ ታገኙታላችሁ። ወጣቶቹ ይደሰታሉ። ለአዛውንት ግን ሻይ ይሻላል፤ ቡና የማይጠጡ ብዙ ናቸው። ስትወስዱ የተቆላና የተፈጨ ይሁን። ጥሬ ቡና ይዞ የሄደ ሰው የሚቆላበት አያገኝም።

የማይሰጡ ነገሮችን በደንብ ያዙ። ብዙዎቹ የድምፅ ነገር ናቸው፦

- የግድግዳ ወይም የጠረጴዛ ሰዓት። "ሰዓት መስጠት" የሚለው ድምፁ ለሟች የመጨረሻ ስንብት ከማድረግ ጋር አንድ ነው። ለአዛውንት ከሰጣችሁ በጣም ይከብዳል።
- ጃንጥላ። ስሙ መበታተን ከሚለው ጋር ይመሳሰላል።
- ፒር የሚባለው ፍሬ። ስሙ ከመለያየት ጋር አንድ ድምፅ አለው።
- ነጭ ወይም ቢጫ የክሪሳንተመም አበባ። የቀብር አበባ ነው።
- ለወንድ አረንጓዴ ኮፍያ። ሚስቱ ሄደችበት የሚል ስድብ ነው።

እዚህ ላይ እኛን ብቻ የሚመለከት ነገር አለ። ነጠላ ለእናቱ መስጠት የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ለእኛ ነጭ የበዓል ልብስ ነው። እዚያ ግን በልማድ የሐዘን ቀለም ነው። ነጠላ ከወሰዳችሁ ጥለቱ ሰፊና ደማቅ ይሁን፤ ቀይ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። በቀይ ወረቀት ጠቅልሉት። በዓል ላይ የሐበሻ ልብስ መልበስ ከፈለጋችሁም ለጓደኛችሁ ፎቶ አሳዩና ጠይቁት። ወጣቱ ግድ የለውም፤ አያት ግን ሊከፋቸው ይችላል።

ስትሰጡ በሁለት እጅ ስጡ። "ለምን ትደክማለህ፣ አያስፈልግም ነበር" ይላሉ። ሁለቴ ሦስቴ እምቢ ካሉ በኋላ ይቀበላሉ። ይህን ድራማ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳይከፍቱ ወደ ጎን ካስቀመጡት አይክፋችሁ፤ በእንግዳ ፊት አለመክፈት የድሮ ጨዋነት ነው።

4. ሻንጣ ስታዘጋጁ

ከሁዋይ ወንዝና ከቺንሊንግ ተራሮች በስተደቡብ ያለው ቻይና በማዕከል የሚመጣ የቤት ማሞቂያ የለውም። ሁናን እዚያ ነው። በጥርና በየካቲት ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሰው ይቀመጣሉ። ወፍራም ካልሲና የሌሊት ልብስ ያዙ። በሰሜን፣ ቤይጂንግ ወይም ሃርቢን ከሆነ ግን ውጭው በረዶ፣ ቤቱ ምድጃ ነው፤ ተደራራቢ ልብስ ይሻላል።

የባቡር ትኬት ለበዓል ከባድ ነው። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው፤ ቀኑን ጠብቃችሁ ቁረጡ። ለቤተሰቦቻችሁ ደግሞ ቴሌግራምና ዋትስአፕ እዚያ እንደማይከፍቱ ንገሩ። ዊቻት አስጭኗቸው፤ አለዚያ እናታችሁ ይጨነቃሉ።

5. በር ላይ

ጫማ ይወልቃል። ነጠላ ጫማ ይሰጧችኋል፤ ትንሽ ቢጠብባችሁም አድርጉት። ካልሲያችሁ ንጹህና ያልተቀደደ ይሁን።

ከዚያ ሰላምታ። እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ ስለለመድን እጃችን ወዲያው ይዘረጋል። ያዙት። ራስ ዝቅ ማድረግና ፈገግታ ይበቃል። አባትየው እጃቸውን ከዘረጉ ጨብጡ። ከትልቁ ጀምሩ፤ አያት ካሉ መጀመሪያ እሳቸው።

ስም አይጠራም። ጋሼና እትዬ እንደምንለው ነው። የጓደኛችሁ አባት "ሹሹ"፣ እናቱ "አዪ" ናቸው። አባትየው ከአባታችሁ ዕድሜ የሚበልጡ ከሆነ "ቦቦ" ይባላሉ። የአባት ወላጆች "ዬዬ" እና "ናይናይ" ናቸው። የእናት ወላጆች በሰሜን "ላውዬ" እና "ላውላው"፣ በደቡብ ብዙ ቦታ "ዋይጎንግ" እና "ዋይፖ" ይባላሉ። ጓደኛችሁ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጠይቃችሁ ያንኑ ተከተሉ። "ኒ" አንተ ወይም አንቺ ነው፤ "ኒን" እርስዎ። አንቱታውን ለትልልቆች ተጠቀሙበት። "ዬዬ ሃው፣ ናይናይ ሃው" ብላችሁ ስትገቡ የሚፈነጥቀውን ፊት ታያላችሁ። ቻይንኛችሁ ሌላ ቃል ባይኖረው እንኳ ይህን አጥኑት።

6. ማዕድ

ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ራሳችሁ ሄዳችሁ እንዳትቀመጡ። በርን የሚያየው ወንበር የክብር ነው። እንግዳ ስለሆናችሁ እዚያ ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ። አንዴ ሁለቴ "አያት ይቀመጡ" ብላችሁ ከዚያ እሺ በሉ። ትልቁ ሰው ሳይጀምር አትጀምሩ።

ምግቡ መሀል ይቀመጣል፤ የሁሉም ነው። እንደ እኛ ገበታ ነው። ልዩነቱ እጅ አለመግባቱ ነው። "ጎንግኳይ" የሚባል የጋራ ቾፕስቲክ ካለ ምግብ የሚነሳው በእሱ ነው። ከሌለ ወደ እናንተ ከሚቀርበው ጠርዝ አንሱ። ጥሩውን ፍለጋ ሳህኑን አታማስሉት። እኛም "በፊትህ ብላ" ተብለን ነው ያደግነው።

አዪ ጥሩ ጥሩውን እያነሱ ሳህናችሁ ላይ ያስቀምጣሉ። ይህ ጉርሻ ነው። እንደ ጉርሻም ተቀበሉት። መመለስ ከፈለጋችሁ ግን በእጃችሁ ጠቅልላችሁ አፋቸው ላይ አታድርጉ። በጋራው ቾፕስቲክ አንድ ቁራጭ አንስታችሁ ከአያት ሳህን ላይ አድርጉ። ናይናይ ሳህን ላይ አንድ የዓሣ ቁራጭ ሳስቀምጥ ለጎረቤት ሁሉ ሲናገሩት ሰነበቱ።

ስለ ቾፕስቲክ አራት ነገር እወቁ። ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትሰኩት፤ ለሙታን የሚጤስ ዕጣን ይመስላል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ሰው ላይ አትጠቁሙበት። ሳህን አትምቱበት፤ የለማኝ ነገር ነው ይላሉ። አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ አትምጠጡት። መያዝ ካቃታችሁ ማንኪያ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

የሩዙን ጎድጓዳ ሳህን ወደ አፍ አንስቶ መብላት ትክክል ነው። እኛ ጋር ይህ ያሳፍራል፤ እዚያ ግን አጎንብሶ መብላት ነው የሚያስነውር። ኑድል ሲበላ ድምፅ ቢወጣ ችግር የለም። አጥንት አጠገባችሁ ባለው ትንሽ ሳህን ወይም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ሩዙን አታስተርፉ። ልጆች የገበሬው ላብ ነው እየተባሉ ያድጋሉ።

ዓሣ በሙሉው ይቀርባል፤ ራሱ ወደ ክብር እንግዳው ይዞራል። በባሕር ዳርቻ አካባቢ አንዱ ጎን ሲያልቅ አገላብጣችሁ አትብሉ። ጀልባ መገልበጥን ያስታውሳቸዋል። አጥንቱን አንስቶ የታችኛውን መብላት ነው ዘዴው።

ጠግባችሁ ሳህናችሁ ባዶ ሲሆን እንደገና ይሞላል። ይህን መቼም ታውቁታላችሁ። "ዎ ቺ ባው ለ" ማለት ጠገብኩ ነው። አንዴ ብላችሁ አያምኗችሁም። ሦስት ጊዜ በሉ፤ ከመጨረሻው በፊትም ሳህናችሁ ላይ ከሩዙ ሌላ ትንሽ ነገር ይኑር። ከሰው ቀድማችሁ ከጨረሳችሁ "ኒመን ማን ማን ቺ" በሉ። እናንተ ቀስ ብላችሁ ብሉ ማለት ነው። ዝም ብሎ ከማዕድ መነሳት ግን ያስቀይማል።

7. መጠጥ

ባይጂዩ የሚባለው የቻይና አረቄ ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ ከመቶ 52 ወይም 53 አልኮል አላቸው። አረቄ የለመደ እንኳ ሊደነግጥ ይችላል። "ጋንቤይ" ሲሉ ብርጭቆውን ጨርስ ማለታቸው ነው። ብርጭቆ ስታጋጩ የእናንተ ጠርዝ ከትልቁ ሰው ብርጭቆ ዝቅ ይበል፤ በሁለት እጅ ያዙት።

የማትጠጡ ከሆነ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ተናገሩ። አንዴ ቀምሳችሁ ካቆማችሁ "ከእኛ ጋር አልጠጣም አለ" ይሆናል። መልካም መውጫ አለ፤ "ዪ ቻ ዳይ ጂዩ" ይባላል። በመጠጥ ፈንታ ሻይ ማለት ነው። ሻይ ይዛችሁ ተነሱና ለሹሹ ጤና ተመኙ። ማንም አይቀየማችሁም።

ለንግድ ጓንግጁ የምትመላለሱ ሰዎች ይህን አይታችኋል። እዚያ ሻይ ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ምስጋና ነው። ንጉሥ ቺየንሎንግ ተራ ሰው መስሎ ሲጓዝ ለአሽከሮቹ ሻይ ቀዳላቸው፤ መስገድ ስላልቻሉ በጣት ሰገዱ ተብሎ ይተረካል።

8. በየቀኑ

ሰዓት ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሹሹ "ሊዩ ዲየን እራት" ካሉ ቃሉ ስድስት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት። እራት ቀደም ብሎ ነው የሚበላው። ከምሳ በኋላ ብዙ ቤት ይተኛል። በእኛ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ገደማ ድምፅ ቀንሱ፤ ስልክ ወደ ውጭ ወጥታችሁ አውሩ።

መታጠቢያ ቤት የራሱ ነጠላ ጫማ ሊኖረው ይችላል፤ ወደ ሳሎን ይዛችሁት አትውጡ። አጠገቡ ቆሻሻ መጣያ ካለ የመጸዳጃ ወረቀት የሚጣለው እዚያ ሊሆን ስለሚችል ጓደኛችሁን ጠይቁት። ሻወር በአብዛኛው ማታ ነው። ማሞቂያውን እንዴት እንደሚያበሩ አስቀድማችሁ ተማሩ። የውስጥ ልብስና ካልሲ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር ማሽን ውስጥ አትጨምሩ። በእጃችሁ እጠቡ።

ክፍል ዘግቶ መቀመጥ ኩርፊያ ይመስላል። ባይገባችሁም ሳሎን ተቀመጡ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወቱ። ሙቅ ውኃ ቀኑን ሙሉ ይቀርብላችኋል። ቢያልባችሁም፣ ቢያማችሁም፣ ቢደክማችሁም ሙቅ ውኃ ነው። ጠጡት። የፍቅር ቋንቋቸው ነው።

ሳህን ልጠብ ብትሉ አይፈቅዱም። ለመጀመሪያው ቀን እሺ በሉ። በሁለተኛው ቀን ሳትጠይቁ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀምሩ። ቆሻሻ ይዛችሁ ውረዱ። ጂያውዝ ሲጠቀለል አጠገባቸው ተቀመጡ። ቅርጹ ቢበላሽም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከእንግድነት ወደ ቤተኛነት ትሻገራላችሁ።

"ሽየሽየ" በየደቂቃው ማለትም ያርቃል። ምስጋና በቤተሰብ መሀል ሲበዛ ባዕድ ያደርጋል። ትልልቁን ነገር አመስግኑ፤ ለትንንሹ ፈገግታ ይበቃል። አንድን ዕቃ ደግሞ ደጋግማችሁ አታድንቁ። ይሰጧችኋል።

የቡና ሥነ ሥርዓት ልታሳዩአቸው ብትፈልጉ ደስ ይላል። ግን ዕጣኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያ ዕጣን የቤተ መቅደስና የሙታን ነው። እኔ ያለ ዕጣን ነው ያፈላሁት።

9. ጥያቄው ሲበዛ

"በልተሃል?" ሰላምታ ነው፤ በልቻለሁ በሉ። ዕድሜ፣ ደመወዝ፣ ትዳር፣ የጫማችሁ ዋጋ ሁሉ ይጠየቃል። ክፋት የለበትም። ቁጥር መናገር ካልፈለጋችሁ "ሃይ ኬዪ" በሉ፤ ደህና ነው እንደማለት ነው። ፖለቲካ ካልተነሳ አታንሱ።

መልካችሁና ጸጉራችሁም ወሬ ይሆናል። በገጠር ጥቁር ሰው በአካል አይቶ የማያውቅ ሽማግሌ ይኖራል። ልጆች ያፈጣሉ፤ አንዷ አክስት ጸጉር ልትነካ ትችላለች። አንዳንዱ ቃል ይጎረብጣል። አብዛኛው የማወቅ ጉጉት ነው፤ ግን ሁሉን የመሸከም ግዴታ የለባችሁም። ካልፈለጋችሁ ፈገግ ብላችሁ ራቅ በሉ። በኋላም ለጓደኛችሁ ለብቻው ንገሩት። በሰው ፊት ከተቆጣችሁ የሚያፍሩት አስተናጋጆቻችሁ ናቸው። በጓደኛ በኩል ከሄደ ግን በማግስቱ ይስተካከላል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ሠርቷል።

10. በአዲስ ዓመት ከሄዳችሁ

የዋዜማው እራት ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ ነው። ዓሣው በሙሉ አይበላም፤ ይተርፋል። ዓሣና ትርፍ አንድ ድምፅ ስላላቸው በየዓመቱ ይትረፍ የሚል ምኞት ነው። ከእራት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ የሚተላለፈው የማዕከላዊ ቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት ይከፈታል። ባይገባችሁም አብራችሁ ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን ቤት አይጠረግም፤ በረከት ይወጣል ይባላል። ስለ ሞትና በሽታ አታውሩ። ብርጭቆ ከሰበራችሁ "ሱዊ ሱዊ ፒንግአን" በሉ። መሰበርና ዓመት በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ በየዓመቱ ሰላም የሚል ምርቃት ይሆናል።

አያት ቀይ ፖስታ፣ ሆንግባው፣ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አንዴ እምቢ በሉ፣ ከዚያ በሁለት እጅ ተቀበሉ። ፊታቸው አትክፈቱት። ተማሪና ያላገባ ሰው የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሥራ ካላችሁ ግን ለልጆቹ አዲስ ብር አዘጋጁ፤ አራት ያለበት ቁጥር አይሁን።

ለቅድመ አያቶች ዕጣን የሚታጠንበት ጠረጴዛ ያለባቸው ቤቶች አሉ። ፎቶ አታንሱት፣ ዕቃ አታስቀምጡበት። እንድትሰግዱ ከጋበዟችሁና ሃይማኖታችሁ ካልፈቀደ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ጸጥ ብላችሁ ቁሙ። አክብሮታችሁ ከአቋማችሁ ይታያል።

11. ሂሳብ

ምግብ ቤት ከሄዳችሁ የሂሳብ ግብግቡ የእኛው ነው። አንዴ እኔ ልክፈል በሉ፣ ግን ሹሹን አታሸንፉ። በራሳቸው ከተማ እንግዳ ከከፈለ ያፍራሉ። በሌላ ቀን ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ጋብዙ።

12. ሽኝት

የምትሄዱበትን ቀን ከሁለት ቀን በፊት ተናገሩ። አንሶላውን ሰብስቡ፣ ክፍሉን ጥረጉ። ስንቅ ይጫንባችኋል። እንቁላል፣ ብርቱካን፣ ኦቾሎኒ፣ ቦታ ባይኖራችሁም ተቀበሉ። እስከ ሊፍት፣ እስከ መንገድ፣ አንዳንዴም እስከ ባቡር ጣቢያ ይሸኟችኋል። "ይብቃችሁ፣ ተመለሱ" እያላችሁ ሂዱ። "ማን ማን ዞው" ይሏችኋል። ቀስ ብለህ ሂድ፣ ደህና ግባ እንደማለት ነው። ዞር ብላችሁ እጃችሁን አውለብልቡ፤ እስክትጠፉ ድረስ ቆመው ነው የሚያዩት።

እንደደረሳችሁ "ዳው ለ" ብላችሁ ጻፉ፤ ደረስኩ ማለት ነው። ስልክ ይዘው እየጠበቁ ነው። በማግስቱ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ላኩ። በዓሉ በመጣ ቁጥር ደግሞ ለናይናይ የድምፅ መልእክት ላኩላቸው።